የናፈቀሽ በረሃው ነው ወይስ ብርሃኑ?

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ እናት። የምንኖርበት አገር ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ዝናቡ ግን አያባራም። ባለቤቴ እዚሁ ተወልዶ ስላደገ ደመናው ምኑም አይደለም። እኔ ግን ቀኑ ማጠር ሲጀምር ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። ያለ ልክ እተኛለሁ፣ ጣፋጭ ነገር ብቻ ያምረኛል፣ ከሰው ጋር ማውራት ይታክተኛል። እንዲህ ስሆን ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከማግባቴ በፊት በሥራ ምክንያት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ሞቃት በረሃ ውስጥ ኖሬ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሁን እዚያው አካባቢ ሥራ አግኝቻለሁ፤ በሦስት ወር ውስጥ መልስ እንድሰጥ ይጠብቁኛል። ባለቤቴ አንዴ በነሐሴ ለአሥር ቀን ሄዶ ስላየው ‹እዚያ ሰው አይኖርም› ይላል። አማቴ ደግሞ ‹ለምለሙን ትቶ በረሃ የሚመኝ ሰው ገና ዛሬ አየሁ፤ ልጅቷን በአቧራ ልትፈጃት ነው› አሉ። ልጃችን አስም አለባት። ባለፈው ሳምንት የቆዳ ጫማዬን ከቁም ሳጥን ሳወጣው በሻጋታ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህ በሽታ ነው ወይስ ምስጋና ቢስነት?» — ፀሐይ የናፈቃት

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ምስጋና ቢስ አይደለሽም። ዝናብ በረከት መሆኑን አንቺም አልካድሽም፤ በረከቱ ዓመቱን ሙሉ አናትሽ ላይ ሲወርድ ከበደሽ እንጂ። አማትሽንም አትቀየሚያቸው። ቋንቋችን ራሱ ለእሳቸው ያደላል፦ ያማረ መሬት «ለምለም» ነው፣ ግትር ሰው «ደረቅ» ነው፣ አገር ጥሎ የጠፋ «በረሃ ገባ» ይባላል። ይኸው ቋንቋ ግን የተከፋን ፊት እንደ ሰማዩ «ጭፍግግ ያለ» ይለዋል፤ መከራዋ ያለፈላትን ሴት ደግሞ «ፀሐይ ወጣላት» ይላታል። ስለዚህ ያንቺም ስሜት በአማርኛ ያልተባለ ነገር አይደለም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ የቆመው በሦስተኛው ነው፦ «ሁለቱንም ከጥቅምት እስከ መጋቢት»። ባለቤትሽ ደግሞ በነሐሴ።

አንቺ የምታውቂው በረሃ ጠዋት ቀዝቀዝ የሚል፣ ቀትር ላይ ጀርባ የሚያሞቅ፣ ሲመሽ ነጠላ ነገር የሚያስደርብ ነው። እሱ የሚያውቀው የመኪና በር እጀታ የሚያቃጥልበትን ነው። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ግን እስከዛሬ ስትከራከሩ የኖራችሁት ስለ አንድ አገር አልነበረም፤ አንቺ ስለ ጥር ስታወሪ እሱ ስለ ነሐሴ ይመልስልሻል። በዚህ ዓይነት ሃያ ዓመት ብትከራከሩም አትግባቡም።

እኔም በደረቅና ሞቃት አገር አራት ዓመት ኖሬያለሁ፤ አራቱንም ሐምሌ እዚያው ነው ያሳለፍኩት። ስለዚህ ያላየሽውን ግማሽ ልንገርሽ፤ ላስፈራሽ ሳይሆን ሙሉውን አውቀሽ እንድትወስኚ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ አንድ ቀን አንሶላ አጥቤ ማስጣት ጀመርኩ። አምስተኛውን ሰቅዬ ስዞር የመጀመሪያው ደርቆ ይንኮሻኮሽ ነበር። ደስ አለኝ፤ ከዚያ በፊት የኖርኩበት አገር ልብስ ለሦስት ቀን ቤት ውስጥ ተሰቅሎ እርጥብ እርጥብ የሚሸት ነበርና። ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሸሚዜን ሳወልቅ ግን ጀርባው ላይ በጠመኔ የተሰመረ የሚመስል ነጭ መስመር አየሁ። ጨው ነው። ቀኑን ሙሉ «ዛሬስ አላላበኝም» ስል የዋልኩ ሰውዬዋ፣ ላቤ ቆዳዬን ሳያርስ እየተነነ ኖሯል። የደረቅ አየር ምቾትም አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን ከሰውነት 2,400 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይህ በፍጥነት ይፈጸማል፣ እርጥብ ሲሆን ግን ላቡ መሄጃ አጥቶ ይንጠባጠባል። ለዚህ ነው ደረቁን 40 ዲግሪ ችሎ እርጥቡን 32 ዲግሪ የማይችል ሰው የሚገኘው። ነገር ግን በጠራራ እየተንቀሳቀሰ ያለ ሰው በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያጣ ይችላል፤ ጥሙ የሚመጣው ደግሞ ዘግይቶ ነው። ልጆች ጨዋታ ላይ ከሆኑ ጭራሽ አይታወቃቸውም።

ሐምሌ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መስኮት ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት አይነሳም። ያን ሁሉ ብርሃን ፈልጌ ሄጄ፣ ማቀዝቀዣ እያጓራ፣ በቀትር መብራት አብርቼ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ሰው ቤት ውስጥ የሚታሰርበት ወቅት በበረሃም አለ። ዝናባማው አገር በብርድ ወራት ይዘጋብሻል፤ በረሃው በሙቀት ወራት። በአሜሪካ አሪዞና የምትገኘው ፊኒክስ እ.ኤ.አ. በ2023 ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አልወረደም። በእንዲህ ዓይነት ቀን አስፋልቱ ራሱ ቆዳ የሚያቃጥል ይሆናል፤ ሰው ወድቆ ሳይነሳ ከቆየ ሆስፒታል የሚያስገባ ቃጠሎ ይደርስበታል። ከተማው ውስጥ ብዙ ሕዝብ ይኖራል፣ ይሠራል፣ ልጅ ያሳድጋል። «ሰው አይኖርም» የሚለው የባለቤትሽ ቃል ልክ አይደለም። ግን የሚኖሩት በሐምሌ በአንቺ የጥር አኗኗር አይደለም።

ሌሊቱን ግን አልክድም። አየሩ የውሃ ተን ስለሚያንሰው፣ ደመናም ስለማይሸፍነው፣ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ወደ ሰማይ ይለቀዋል፤ ከከተማ ኮንክሪት ራቅ ባለ ቦታ በቀንና በሌሊት መካከል 15 ወይም 20 ዲግሪ ልዩነት የተለመደ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥተን ተቀምጠን ንፋሱ ሲለወጥ ይታወቀን ነበር። ከዋክብቱ ብዛታቸው መጀመሪያ ላይ ያስደነግጥ ነበር። ዛሬም አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ስለዚህ ናፍቆትሽ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በደብዳቤሽ ውስጥ ከጫማውም ከአማትሽም በላይ ያሳሰበኝ «ቀኑ ማጠር ሲጀምር» ብለሽ የጻፍሽው ነው። «ዝናቡ ሲጀምር» አላልሽም። ከአልጋ አለመነሳት፣ ያለ ልክ መተኛት፣ ጣፋጭ ማማር፣ ሰው መሸሽ፣ ለዚያውም በየዓመቱ በአንድ ወቅት እየመጣ ለሦስት ዓመት። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ልክ ይህን የመሰለ ሕመም ጽፈው አውጥተዋል። በአማርኛ ወቅታዊ ድባቴ ልንለው እንችላለን። እኔ ሐኪም አይደለሁምና ይህ ነው ብዬ አልፈርድብሽም፤ የደም ማነስም የእንቅርት ዕጢ ችግርም ተመሳሳይ ድካም ያመጣል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ይቆይና በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዢ፤ የጻፍሽልኝንም እንዳለ ንገሪያቸው። ሕይወት የሚያስጠላሽ፣ ራስሽን ልጉዳ የሚያሰኝሽ ቀን ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ያኑ ቀን ሂጂ።

ወቅታዊ ድባቴ ከሆነ ከታወቁት ሕክምናዎች አንዱ የብርሃን መብራት ነው። 10,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚሰጥ፣ ጎጂውን ጨረር የሚያጣራ ልዩ መብራት ፊት ለፊት ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሱ ለግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ ነው፤ አፍጥጦ ማየት አያስፈልግም። የዓይን ሕመም ያለበት ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚል ሰው ግን ያለ ሐኪም አይጀምረው። ቁጥሩን ለማነጻጸር ያህል፣ ማታ ሳሎን ውስጥ ያለው ብርሃን ጥቂት መቶ ሉክስ ቢሞላ ነው፤ ጥርት ባለ ቀትር ውጭ 100,000 ይደርሳል። የሚገርመው በደመናማ ቀን እንኳ ውጭው ከቤት ውስጥ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ዝናብ ጠልተሽ ቤት ስትቀመጪ ያለውንም ጥቂት ብርሃን እያጣሽው ነው። የዝናብ ልብስሽን ደርበሽ በቀትር ግማሽ ሰዓት ውጪ። አትወጂው ይሆናል። ለአንድ ወር ግን አድርጊው።

ይህን ሁሉ የምልሽ «መብራት ግዢና ሥራውን እርሺ» ለማለት አይደለም። አንድ ነገር ለይተሽ እንድታውቂ ነው። መብራቱም፣ የቀትር መንገዱም፣ ሕክምናውም ረድቶሽ ከጭንቀቱ ስትወጪ፣ በረሃው እንደ ድሮው ከናፈቀሽ፣ የናፈቀሽ በረሃው ራሱ ነው፦ የተዘረጋው አድማስ፣ ዝምታው፣ ደረቁ ንፋስ። ካልናፈቀሽ ደግሞ የናፈቀሽ ብርሃኑ ነበር ማለት ነው። ብርሃን ፈልገሽ በረሃ ከሄድሽ ልትሳሳቺ የምትችይበት መንገድ ብዙ ነው።

ሊማን ተመልከቺ። የፔሩ ዋና ከተማ በረሃ ላይ የተቀመጠች ናት፤ በዓመት የሚዘንብላት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን ከባሕሩ ቀዝቃዛ ውሃ የሚነሳው ዝቅተኛ ደመና በዓመቱ ውስጥ ለወራት ሰማይዋን ግራጫ ያደርገዋል። ዝናብ የለም፣ ፀሐይም የለም። በረሃ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ250 ሚሊ ሜትር በታች የሚዘንብበት መሬት ነው፤ ትርጉሙ ስለ ብርሃን አንድም ቃል አይናገርም። ስለ ደረቅነትም ቢሆን እንደዚያው። ዱባይና ዶሃ በአማካይ በዓመት 100 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይዘንብባቸው ናቸው፣ በነሐሴ ግን ከሞቃቱ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳው እርጥበት ከደጅ እንደወጡ መነጽር ያላብሳል። አንቺ ያልሽው ደረቅ ሙቀት እዚያ በዚያ ወር የለም።

በዝናቡም በኩል እንዲሁ ነው። ኒውዮርክ በዓመት ከሲያትል የበለጠ ዝናብ ታገኛለች። በዝናብና በግራጫ ሰማይ ስሟ የሚነሳው ግን ሲያትል ናት፤ ምክንያቱም የኒውዮርኩ በኃይል ወርዶ ያልፋል፣ የሲያትሉ ለወራት ያንጠባጥባል። በሞቃቱ ቀበቶ ደግሞ ጠዋት ፀሐይ ሆኖ፣ ከሰዓት አንድ ሰዓት ዶፍ ወርዶ፣ ማታ የሚጠራ አረንጓዴ አገር ሞልቷል። ለአንቺ ዓይነት ሰው ወሳኙ የዝናቡ መጠን ሳይሆን የደመናው ሰዓት ነው። ሥራ ስለሰጡሽ ከተማ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ በየወሩ ስንት ሰዓት ፀሐይ ይታያል? በሞቃቱ ወር እርጥበቱ ስንት ነው? ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው ስንት ነው? ከፍታን ሰው ይረሳዋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ፊኒክስ 330 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ በኒው ሜክሲኮ የምትገኘው አልበከርኪ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ። ሁለቱም ደረቅ፣ ሁለቱም ብሩህ ናቸው፤ በሐምሌ የቀን ከፍተኛ ሙቀት አማካዩ ግን በአንዷ 41፣ በሌላዋ 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባለቤትሽ «አልችልም» ያለው ሰባት ዲግሪ ቢቀነስለት ሊችለው ይችል ይሆናል።

ስለ ልጅሽ። አማትሽ አቧራን ፈርተዋል፣ አንቺ ሻጋታን። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። በፍራሽና በምንጣፍ ውስጥ የሚኖሩት፣ አስም የሚያስነሱት ጥቃቅን ነፍሳት እርጥበት ይወዳሉ፤ ደረቅ አየር ላይ አይበዙም። ሻጋታም እንዲሁ። በሌላ በኩል የበረሃ አቧራ ማዕበል ጤነኛውንም ያስላል። «ደረቅ አገር አስም ያድናል» የሚለውን ተስፋ ግን አትያዢ። ወደ አሪዞና ቱሳን ለሳንባቸው ብለው የሄዱ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከተማው ሲያድግ ግን ነዋሪው የለመደውን ጥላ ናፈቀና የወይራና የእንጆሪ ዛፍ በየግቢው ተተከለ፤ የአበባ ብናኙም ተከትሏቸው መጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ እነዚህን ዛፎች መሸጥን የሚከለክል ደንብ እስከማውጣት ተደርሷል። ይህን ታሪክ የማነሳው ሰው አረንጓዴውን ጥሎ ሲሄድ አረንጓዴው ልቡ ውስጥ እንደሚከተለው ስለሚያሳይም ነው። የልጅሽን ሐኪም ጠይቂ፤ በምርመራ የሚያስነሳባት ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አየር ንብረት መምረጥ በጨለማ መተኮስ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤቱን አድርቂው፤ የእርጥበት መለኪያ ትንሽ ዕቃ ነች፣ ገዝተሽ መኝታ ቤቷ አስቀምጪ። ከ60 በመቶ በላይ ካሳየች፣ ከ50 በታች እስኪወርድ ድረስ አየር ማድረቂያ ማሽን ይሥራ።

ባለቤትሽንም ልሟገትለት። አረንጓዴ የሚያስፈልገው ሰው ቅብጠት የያዘው አይደለም። ሮጀር ኡልሪክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሕመምተኞች አነጻጽረው ነበር። በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ፈለጉ። እሱ ያደገበት የዛፍ ሽታ፣ በጫማ ስር የሚረግጠው ሙጃ፣ ለእሱ ያንቺን ፀሐይ ያህል ነው። «ይህ አረንጓዴሽ አሳመመኝ» ስትይው፣ እናቱንም ልጅነቱንም የሰደብሽበት ይመስለዋል። «ብርሃን አነሰኝ» ብትይው ግን ሊረዳሽ የሚችልበት ነገር ትሰጪዋለሽ። ቃሉን ብቻ ለውጪና ሞክሪው።

አንድ ጥናት ደግሞ ለሁለታችሁም ላንሳ። ዴቪድ ሽኬድና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሥራ በፀሐያማዋ ካሊፎርኒያና በብርዳማው መካከለኛ ምዕራብ አሜሪካ የሚማሩ ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። ሁለቱም ወገኖች የካሊፎርኒያዎቹ በሕይወታቸው የበለጠ ደስተኞች ናቸው ብለው ገመቱ። ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ልዩነት አልተገኘም። ስለ አየሩ ስናስብ አየሩ ሁሉ ነገር ይመስለናል፤ ስንኖርበት ግን ሥራ፣ ጎረቤት፣ የልጅ ትምህርት ቤት ቀኑን ይሞሉታል። ይህ አማካይ ሰውን ይመለከታል፤ በብርሃን ማጣት የሚታመመውን አይሽረውም። ለዚህ ነው ሐኪሙን ያስቀደምኩት።

ሥራውን በተመለከተ ሐሳቤ ግልጽ ነው፦ ሐምሌን ሳታዪ አትፈርሚ። ሦስት ወር ካለሽና ሙቀቱ በመካከል ከገባ፣ ሁለታችሁም ፈቃድ ወስዳችሁ በጣም በሚሞቀው ሳምንት ሂዱ። ሆቴል ሳይሆን ሰው የሚኖርበት ቤት ተከራዩ። ገበያ ውጡ፣ ልጅቷን መጫወቻ ቦታ ውሰዷት፣ በስምንት ሰዓት ከሰዓት አውቶቡስ ጠብቁ። አሥር ቀን ቢሆን ይሻላል፤ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል፣ በሦስተኛው ቀን የሚሰማሽ የመጨረሻው ስሜትሽ አይደለም። ሙቀቱ ካለፈ ደግሞ አሠሪዎቹን ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሆን ውል ጠይቂያቸው። ባለቤትሽም በበኩሉ ጥርን ሳያይ «አልሄድም» የማለት መብት የለውም፤ ይህን ከእኔ እንደሰማሽ አድርገሽ ንገሪው። አንቺ ያየሽውን ቀዝቃዛ ጠዋት አብሮሽ ይየው። ዕድለኛ ከሆነና ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ በደረቁ መሬት ላይ ሲወርድ ከደረሰ ደግሞ ሽታውን ያሽትተው። አረንጓዴ አገር ውስጥ የሚዘንበው ዝናብ እንደዚያ አይሸትም፤ ደርቆ የቆየ አፈር ብቻ ነው ያን የሚለቀው። ዝናብ የሚወድ ሰው ይህን ሳያሽት ባያልፍ እመኛለሁ።

ጫማሽን አትጣይው። ውጭ አውጥተሽ በደረቅ ብሩሽ ጥረጊው፣ ውሃና ሆምጣጤ እኩል ደባልቀሽ ጨርቅ ነክረሽ አሺው፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ከዚያ ቅባት ቀቢው። ቁም ሳጥኑን ከውጭው ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል አርቂው፤ ሻጋታው የሚመጣው ከዚያ ቀዝቃዛ ግድግዳ ነው። ከሄድሽም ከቀረሽም ጫማው ያስፈልግሻል።